ሐዲድ ዝም ብሎ አይቀመጥም፦ ስለ አሮጌው ምድር ባቡራችን ታሪክና ጥገና

እንደምን አመሻችሁ። ስለ አሮጌ ባቡር ንግግር አለ ተብሎ ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም፣ አመሰግናለሁ። (ከዚ በታች ያለው አዳራሽ ውስጥ የተናገርኩት ነው፣ በጽሑፍ ይሁንልን ላላችሁኝ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፣ ብዙም አላሳመርኩትም፣ እንደ ወሬ አንብቡት።)

ስለ ምድር ባቡር፣ ማለትም ከጅቡቲ አዲስ አበባ ስለሚመጣው አሮጌ መስመር ሲነሳ ወሬው ሁሌም አንድ ነው። አፄ ምኒልክ ይነሳሉ፣ ለገሃር ፊት ለፊት የቆመው አንበሳ ይነሳል፣ ድሬዳዋ ትነሳለች፣ ከዛ አንድ ሰው "ወይ ያ ዘመን" ይላል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ አለቀ። እኔ ናፍቆት አልጠላም፣ እኔም አለብኝ፣ ግን ናፍቆት ብሎን አያጠብቅም። ዛሬ ታሪኩን ማውራት ምፈልገው በጠጋኝ ዓይን ነው። ያ መስመር ላይ የተወሰነ እያንዳንዱ ነገር፣ ማን ገንዘብ ሰጠ፣ ማን ከለከለ፣ የት ታጠፈ፣ ሁሉም በኋላ ወርክሾፕ ውስጥ ላለው ሰው ሥራ ሆኖ ነው የመጣው። እና ከዚ ተነስቼ ምለው አንድ ነገር ነው፦ ቅርሱ ሕንፃው ብቻ አይደለም፣ ሎኮሞቲቩም ብቻ አይደለም፣ ዋናው ቅርስ ድሬዳዋ ያለው ወርክሾፕና እዛ የሠሩ ሰዎች እጅ ውስጥ ያለው ሙያ ነው። እሱ ከጠፋ ሌላው ሁሉ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። እዚ ፊት ለፊት የተቀመጡ የድሮ የምድር ባቡር ሰዎች አሉ፣ ጋሼዎች፣ ስሳሳት ያርሙኝ፣ አደራ።

እሺ ከመጀመሪያው። አመቶቹን በኛ አቆጣጠር ነው ምጠራው። መጋቢት 1886 ላይ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡት፣ ኢልግ ያው ቤተመንግሥቱ ውስጥ ብዙ የኖረ አማካሪያቸው ነው፣ አብሮት ደሞ ሊዮን ሼፍኖ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበር። ልብ በሉ፣ ከአድዋ በፊት ነው ይሄ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ነው፣ እቅዱም ትንሽ አልነበረም፣ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ አባይ። አስቡት፣ እስከ ነጭ አባይ! ወረቀት ላይ ሁሉም ይቻላል።

ጥቅምት 1890 ከጅቡቲ ሥራው ተጀመረ፣ እና ወዲያው ችግሩ መጣ። ሙቀት አለ፣ ውሃ የለም፣ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ገደል ለገደል መውጣት ነው፣ ሆልሆል ላይ ያለውን ረጅም የብረት ድልድይ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ የሲራራ ንግዱን ሊነጥቅ የመጣ ነገር ነው ብለው ያልወደዱትም ብዙ ነበሩ። ትልቁ ችግር ግን ብር ነው። ኩባንያው ሁሌም ብር ያጥረው ነበር። ብር ያጠረው ሰው ደሞ ምን ያደርጋል፣ ጠባብና ቀላል ነገር ይሠራል። ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነ መስመር ተመረጠ፣ አሁን ያለው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር 1,435 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ የተነጠፈው ሐዲድ በሜትር 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቀጭን ብረት ነው፣ ዛሬ ከባድ መስመር ላይ 60 ኪሎ ነው ሚነጠፈው። ተራራውን በዋሻ ከመሰርሰር በተራራው ዙሪያ መዞር ይረክሳል፣ ስለዚህ ኩርባ በኩርባ ሆነ።

እነዚህ ቁጠባዎች ናቸው እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ጠጋኙን ያስለፉት። ኩርባ በበዛ ቁጥር የባቡሩ የብረት ጎማ ጠርዝ ሐዲዱን ይፍቃል፣ ሐዲዱም ጎማውን ይፍቃል፣ ሁለቱም ይሳሳሉ፣ ጎማውን አውጥቶ ወርክሾፕ ወስዶ እንደገና መከርከም ያስፈልጋል፣ ቀጭን ሐዲድ ደግሞ ክብደት ሲመጣበት ይጎብጣል፣ ከባድ ሎኮሞቲቭ ልግዛ ብትል ሐዲዱ አይችልህም። በኋላ በኋላ ሐዲዱን እያነሱ በወፈረ ቀየሩት፣ ግን ኩርባውን ማን ይቀይረዋል? ኩርባው እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖረ። ከሐዲዱ ሥር ያለው አግዳሚ ደሞ ብረት ነው፣ እንጨት ቢሆን ምስጥ ይጨርሰዋላ። ይሄ ጥሩ ውሳኔ ነበር፣ አንድ ጣጣ ግን አለው፣ ብረት ስለሆነ ሰው ይፈልገዋል፣ እመለስበታለሁ።

ሐረር ቀረች። ባቡሩን እዛ ተራራ ላይ ማውጣት የሚጠይቀው ገንዘብ አልነበረም፣ ስለዚህ መስመሩ ከታች ሜዳው ላይ ቀረና በ1895 ድሬዳዋ ገባ፣ ድሬዳዋም እዛው ተወለደች፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር ሚሏት። ከዛ ኩባንያው ከሰረ። ፈረንሳይና እንግሊዝ በባለቤትነቱ ተጓተቱ፣ ምኒልክ ደግሞ ይሄ ነገር ንግድ ነው ወይስ ቅኝ ግዛት ብለው ተቆጡ፣ እውነታቸውን ነው፣ በ1899 እንግሊዝ ፈረንሳይና ጣሊያን ተሰብስበው ኢትዮጵያን በሦስት የጥቅም ክልል የሚከፍል ውል ሲፈራረሙ ባቡሩም እዛ ውስጥ ነበረበት። በ1900 አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፣ በምኒልክ ሐኪም በዶክተር ቪታሊየን ስም፣ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ የሚባለውም ከዛ መጣ። ሥራው ቀጠለና አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ምኒልክ አላዩትም፣ በ1906 አርፈዋል። ከፈቃዱ እስከ መድረሱ 23 ዓመት።

በነዚያ መሀል ባሉት ዓመታት ድሬዳዋ የባቡሩ መጨረሻ ነበረች፣ እቃ በባቡር ይመጣል ከዛ በግመልና በበቅሎ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ወርክሾፑም፣ የሠራተኛ ሰፈሩም፣ ቀጥ ያሉት መንገዶችና ዛፎቹም ከዚራ የሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ላይ የተተከሉት። አዲስ አበባ ዋና ከተማ ናት፣ ለገሃር ያለው ያ ቆንጆ ጣቢያም በ1922 ተመርቋል፣ አንበሳውም ከዛ በኋላ ለዘውድ በዓል ቆሟል፣ ጣሊያን ሮም ወስዶት ስንት ዓመት ቆይቶ ነው የተመለሰው፣ ሁሉም ጥሩ፣ ግን ባቡሩ ሲታመም ሚታከመው ድሬዳዋ ነበር። ጭንቅላቱ አዲስ አበባ ይሁን፣ እጁ ድሬዳዋ ነው።

መስመሩ በጠቅላላ ወደ 784 ኪሎሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ፣ አቃቂ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሃራ፣ አዋሽ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ፣ ከዛ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ከባቡር በፊት የውሃ ጉድጓድ ብቻ ነበሩ ወይ ያም የለም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ይጠማዋል፣ በየተወሰነ ርቀት ውሃ መቅዳት አለበት፣ ውሃ ሚቀዳበት ጋ ሠራተኛ ይቀመጣል፣ ሠራተኛ ካለ ሻይ ሚያፈላ ይመጣል፣ ከዛ ጫት፣ ከዛ ገበያ፣ ከዛ ከተማ። አዋሽ ላይ ያለውን ቡፌ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ተሳፋሪ ወርዶ ሚበላበት ሚያድርበት። ኮንትሮባንዱንም ባንረሳው ጥሩ ነው፣ የስንቱን ቤት ልብስና ሬዲዮ ያመጣ ባቡር ነው፣ ፈታሽ ሲመጣ ፉርጎ ውስጥ የነበረውን ግርግር ራሳቸው ሲነግሯችሁ ነው ሚያምረው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የወጡት በዚህ ባቡር ነው። በ1933 ደሞ ጣሊያን ሲያፈገፍግ የአዋሽን ድልድይ አፈረሰው። ታሪክ መጽሐፍ እዚ ጋ ያቆማል፣ ጠጋኙ ግን ሥራው እዚ ጋ ነው ሚጀምረው፣ ድልድይ ማለት እኮ መልሶ ካልቆመ ሁለት የተለያዩ ባቡሮች አሉህ ማለት ነው፣ አንዱ ወርክሾፕ ያለው አንዱ የሌለው። በ1969ና 70 የሶማሊያ ጦርነትም እንደዛው፣ መስመሩ ተቆርጦ ቆሟል።

አንድ ነገር ግን ዘልዬ አላልፍም። ጥር 1977 ከድሬዳዋ የመጣ የመንገደኛ ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ያለ ድልድይ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባና ፉርጎዎቹ ገደል ወረዱ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ እስከዛሬ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት ነው። "ያኔ ባቡር እንዴት ደስ ይል ነበር" ስንል እነሱንም ማስታወስ አለብን፣ ለክብራቸው ብቻም አይደለም። አሮጌ ባቡር ለቱሪስት እናስነሳ ሚል ሰው መጀመሪያ ስለ ፍሬን፣ ስለ ፍጥነት ገደብ፣ ስለ ኩርባና ስለ ድልድይ መናገር አለበት። ቅርስ ነው ተብሎ ፊዚክስ አያዝንም።

አሁን ወደ ወርክሾፑ ልውሰዳችሁ። ድሬዳዋ ሄዳችሁ ካላያችሁት እዩት፣ ብዙ አገር ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሚቀመጡ ብረት ሚቀርጹ የቶርኖ ማሽኖች እዛ ወለል ላይ ቆመዋል። ለምን እንዲህ ትልቅ ሆነ ብትሉ፣ መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፣ ባቡር ደሞ ወራት አይጠብቅም፣ ስለዚህ ራስህ ትሠራለህ። ቡሽንግ ትቀርጻለህ፣ ብሎን ትሠራለህ፣ የተሰነጠቀ ትበይዳለህ፣ የፉርጎ እንጨት ታንጻለህ። ልጆች ገና በጉርምስና ገብተው ከባለሙያ ሥር ሆነው ይማሩ ነበር፣ በፈረንሳይኛ፣ የእቃው ስም በፈረንሳይኛ፣ ስድቡም በፈረንሳይኛ (ጋሼ እየሳቁ ነው፣ ልክ ነኝ ማለት ነው)። ስዕሎቹ ማለትም ቴክኒካል ድሮዊንጎቹ፣ መዝገቦቹ፣ ሁሉም በፈረንሳይኛ ናቸው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ አይደለም። አንድ ወጣት መካኒክ ዛሬ እዛ ብታስገቡት ማሽኑን ቢለምደው እንኳ መዝገቡን አያነበውም።

የቆዩት ሠራተኞች ሚያውቁት ነገር ግማሹ ደሞ መዝገብ ላይም የለም። ለምሳሌ ጎማ በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ ስንጥቅ እንዳለው ማወቅ። ጤነኛ ጎማ ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የተሰነጠቀ ድፍን ይላል። ይሄ ተረት አይደለም፣ በዓለም ሁሉ የባቡር ሰዎች ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው። ጆሮው ግን በአንድ ቀን አይሠለጥንም።

ስለ እንፋሎት ሎኮሞቲቭ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ሰው "ትንሽ ቢጸዳ እኮ ይነሳል" ሲል እሰማለሁና። አይነሳም። የእኛ መስመር ከ1940ዎቹ ጀምሮ ወደ ናፍጣ ዞሯል፣ ስለዚህ የቀረ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ካለ ለረጅም አሥርት ዓመታት እሳት አላየም። ዋናው ነገር ቦይለሩ ነው፣ ውሃው ሚፈላበት የብረት ጋን። ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ በከፍተኛ ግፊት ስለተያዘ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም ሙሉ በሙሉ እንፋሎት አልሆነም፣ ግድግዳው ቢከፈት በአንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ እሱ ነው ፍንዳታው። የእሳት ሳጥኑ ጣሪያ ሁሌም በውሃ መሸፈን አለበት፣ ውሃው ከዛ በታች ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ይበጠሳል። ለዛ ነው ጣሪያው ላይ በቀላሉ ሚቀልጥ የእርሳስ ቅይጥ ያለበት መድፈኛ ሚገጠመው፣ ውሃ ሲያንስ እሱ ቀድሞ ይቀልጥና እንፋሎቱ እሳቱ ላይ ይወርዳል፣ ለሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ነው።

ውሃው ራሱ ጠላት ነው። የቆላ ውሃ ጨውና ኖራ ይበዛዋል፣ ሲፈላ ውስጥ ይጋገራል፣ ጀበና ውስጥ ሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁት የለ፣ እሱ ነው። ቱቦዎቹ ላይ ሲጋገር ሙቀት አያሳልፍም፣ ብዙ ነዳጅ ይበላል፣ ብረቱም ያለ አግባብ ይግላል። ስለዚህ በየጊዜው ቦይለሩን አቀዝቅዞ፣ መድፈኛዎቹን ከፍቶ፣ በግፊት ውሃ ማጠብ ግዴታ ነው። ከቀዝቃዛ ቦይለር ላይ እሳት ማንደድም ችኮላ አይወድም፣ ብረቱ እኩል ካልሞቀ እኩል አይሰፋም፣ መገጣጠሚያው ያፈሳል፣ ስለዚህ ባቡሩ ጠዋት እንዲሄድ ሰውየው ሌሊት ነው ሚነሳው። ከስንት ዓመት በኋላ ማስነሳት ከሆነማ ቱቦዎቹ ይወጣሉ፣ ግድግዳው የት የት እንደሳሳ ይለካል፣ ከዛ በቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ ይሞከራል። በውሃ ሚሞከረው ውሃ ብዙም ስለማይታመቅ ነው፣ ቢበጠስ ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም። እንግሊዝ አገር ያሉ የቅርስ ባቡሮች በተለምዶ በየ10 ዓመቱ ቦይለሩን አውርደው ሙሉ ምርመራ ያደርጋሉ። አስር ዓመት ትሠራለህ፣ ከዛ እንደገና ከዜሮ።

ናፍጣዎቹም ቢሆኑ ዝም ብለው ማስቀመጥ አይሆንም። ጋኑ ውስጥ የቆየ ናፍጣ ይበላሻል፣ ላስቲክ የሆነው ማሸጊያ ሁሉ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ገመዱን አይጥ ይበላዋል፣ ሞተሩ አልፎ አልፎ ካልዞረ ይነክሳል። የንጉሡ ፉርጎዎች ለገሃር አሉ አይደል፣ እነሱ ቆንጆ ናቸው፣ እንጨቱ ቆዳው፣ ሰው ሲጎበኛቸው ያያል። ግን ፉርጎ ለዓመታት አንድ ቦታ ከቆመ ክብደቱ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፣ ቅባቱ ይወርዳል፣ ውሃ ይገባል። በየተወሰነ ጊዜ ትንሽ ገፋ ማድረግ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ከጣሪያ ሚገባ ጠብታ ደሞ ከማንም ጦርነት በላይ ፉርጎ ያጠፋል፣ ቆርቆሮና ማስቲሽ ነው መፍትሄው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሐዲዱስ? ሐዲድ ሰዎች ቋሚ ነገር ይመስላቸዋል፣ ሐዲድ ግን ይንቀሳቀሳል። 10 ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢለዋወጥ ወደ 5 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል ያጥራል፣ ለዛ ነው በመገጣጠሚያው ክፍተት ሚተወው፣ ያ "ቀጭ ቀጭ" ሚለው ድምፅም እሱ ነው። ክፍተቱ በአፈር ከተሞላ ወይ ማያያዣው ዝጎ ከተጣበቀ ብረቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ይጎብጣል። ሥሩ ያለው ጠጠር ውሃ እንዲያሳልፍ ነው፣ አሸዋና ጭቃ ሲገባበት ውሃ ይይዛል፣ ውሃ ከያዘ ይሰምጣል። ድሬዳዋ አካባቢ ያለውን ጎርፍ ምታውቁት ናችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ በአንድ ሌሊት ይመጣል፣ በ1998 የደቻቱ ወንዝ ምን እንዳደረገ ማንም አይረሳውም። መተሃራ ጋ ደግሞ በሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ አስፋልቱንም ሐዲዱንም ሲያባርር ነው የኖረው፣ መደቡን ከፍ ማድረግ እንደገና ከፍ ማድረግ። ስለዚህ በየክፍሉ ሐዲዱን በእግሩ ሚሄድ ሰው ነበር፣ ብሎን ሚያጠብቅ፣ ቦይ ሚጠርግ። ስሙ የትም አልተጻፈም፣ ሐውልትም የለውም፣ ባቡሩ ግን በሱ ነበር ሚሄደው።

እንዴት ቆመ ለሚለው ባጭሩ ልሂድ፣ ታሪኩን ስለምታውቁት። አስፋልቱና ከባድ መኪናው ጭነቱን ወሰዱት፣ ጥገናው እየተዘለለ መጣ፣ ባቡር ከሐዲድ መውጣቱ እየተለመደ መጣ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ማደስ ሳያልቅ ቆመ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተቋረጠ። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ በኩል ከዛ በኋላም እንደገና የተንቀሳቀሰበት ጊዜ ነበር፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን ቢባል ያ ጫፍ ወርክሾፑ ያለበት ጫፍ ነው። በ2009 መስከረም አዲሱ መስመር ተመረቀ፣ ሌላ ስፋት፣ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ጣቢያ፣ አሮጌውን አልነካውም። አሮጌው ባለቤት እንደሌለው ሆነ። አንዳንድ ቦታ መንገድ አለፈበት፣ አንዳንድ ቦታ አጥር ገባበት፣ ያ ምስጥ ያልበላው የብረት አግዳሚ ደሞ በቁራሌው ተበላ።

ታዲያ ተስፋ አለው ወይ? እኔ ምሳሌ ሳይሆን ማስረጃ ነው ምፈልገው፣ ማስረጃው ደሞ ሩቅ አይደለም፣ አስመራ ነው። የምፅዋ አስመራ መስመር 118 ኪሎሜትር ነው፣ ከባሕር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ጣሊያኖች በፈረንጅ 1911 ነው አስመራ ያደረሱት። በደርግ ጊዜ ቆመ፣ በጦርነቱ ሐዲዱና የብረት አግዳሚው ተነቅሎ ለምሽግ ሆነ። ቃል በቃል፣ ምሽግ። ከነፃነታቸው በኋላ ይጠገን ሲባል የውጭ ድርጅቶች የጠየቁት ብር ሚቀመስ አልነበረም። ከዛ ምን አደረጉ፣ የድሮዎቹን ጡረተኞች ጠሩ። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ቱታ ለብሰው ተመለሱ፣ ወጣቱ ደሞ ከየምሽጉ ሐዲዱን እየለቀመ መለሰ፣ በፈረንጅ 1938 አንሳልዶ የሚባለው የጣሊያን ፋብሪካ የሠራቸው ማሌት የሚባሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች እንደገና ጨሱ፣ በ2003 በፈረንጅ መስመሩ አስመራ ደረሰ። ከዛ በኋላ ያለው ብዙ ፈተና አለበት፣ ተራ አገልግሎት ሆኖ አልቀጠለም፣ እሱን አልሸፍንም። ግን ያ ሥራ የተቻለው በአንድ ምክንያት ነው፣ ሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ቢጀምሩት ኖሮ ገንዘቡ ቢኖርም አይቻልም ነበር።

የኛዎቹም እያረጁ ነው። በግልጽ ልናገረው፣ ጋሼዎች ይቅርታ፣ እየቀነሳችሁ ነው።

የሌላ አገር ብዙ አልደረድርም። ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የሚባለውን ትንሽ መስመር በፈረንጅ 1951 በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ማንቀሳቀስ ጀመሩ፣ የዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል፣ ሕንድ ውስጥ የዳርጂሊንግ ባቡር በፈረንጅ 1999 የዩኔስኮ መዝገብ ገባ፣ እሱም ጠባብ መስመር ነው፣ ከኛም ይጠባል። ሁለቱም የዳኑት ባቡሩ እየሄደ ስለቆየ ነው እንጂ ስለተመዘገበ አይደለም። እኛ ጋ ደሞ ገና ከመጀመሪያው መዝገብ ላይ መግባት ነው ሚታሰበው፣ ሰሌዳ ይለጠፍ፣ ሪባን ይቆረጥ። ይቆረጥ፣ ግን ከዛ በፊት ያለውን ሥራ ማን ይሥራ?

784ቱን ኪሎሜትር በሙሉ እንመልስ ሚል ሰው ካለ እኔ የለሁበትም፣ ያ ህልም ነው፣ ህልም ደሞ በጀት ሲጠየቅ ሁሉንም ይዞ ይጠፋል። እኔ ምለው ቀላል ነገር ነው። አንደኛ የቀረውን መቁጠር፣ ምን አለ፣ የት አለ፣ ምን ይጎድለዋል፣ ማሽኑ፣ ፉርጎው፣ ሐዲዱ፣ እስከ ብሎኑ። ሳይቆጠር የተሸጠ ቁርጥራጭ ብረት ሁሉ አንድ ቀን "ይሄ መለዋወጫ የት ይገኛል" ተብሎ ሚፈለግ ነው። ከዛ ወረቀቱ፣ ድሮዊንጉ በስካነር ይነሳ፣ በአማርኛ በሶማሊኛ በኦሮምኛ መግለጫ ይኑረው፣ እዛው ድሬዳዋ ይቀመጥ፣ አዲስ አበባ ቢሮ መጥቶ ሳጥን ውስጥ አይግባ። ሰዎቹን ደሞ በቪዲዮ መቅረጽ፣ ግን ቁጭ አርጎ "ትዝታዎን ይንገሩን" ሳይሆን ማሽኑ ፊት አቁሞ፣ እጃቸው ሲሠራ፣ አጠገባቸው ከቴክኒክና ሙያ የመጡ ልጆች ቆመው። ትዝታው ራሱ ይመጣል፣ አትቸኩሉ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጻፋቸው። አንዲት እህት "ለገሃር እያለ ለምን ከድሬዳዋ ይጀመራል፣ ቱሪስቱ እኮ አዲስ አበባ ነው" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ሚለው ነው። ለገሃር ሕንፃው ይጠበቅ፣ ዙሪያው ፎቅ በፎቅ ሲሆን እሱ በትክክል መታደስ አለበት። ግን ከለገሃር ሚወጣው ሐዲድ በከተማው ተበልቷል፣ ማቋረጫው ሁሉ መኪና ነው፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ሚጠግን የለም። ከድሬዳዋ እስከ ሽንሌ ግን ቅርብ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ባቡሩ ቢታመም ወርክሾፑ ጓሮው ነው። በቀስታ፣ በናፍጣ፣ ሁለት ፉርጎ ይዞ መሄድ ይጀምር። የእንፋሎቱ ጉዳይ በኋላ ይታያል፣ ቦይለር የሚመረምርና የሚፈርም ሰው ሳይኖር እንዳይሞከር እንጂ።

ሌላው ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደሞ "ነገ ጠዋት ትንሽ ብር ቢሰጥህ ምን ታደርጋለህ" ብሎ ጠየቀኝ፣ ሰው ሎኮሞቲቭ እንድል ጠብቆ ነበር መሰለኝ። እኔ ምገዛው አካፋ፣ ዶማ፣ ቆርቆሮና ግሪስ ነው። የሐምሌው ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት ከድልድዮቹ ሥርና ከሐዲዱ ጎንና ጎን ያለውን ቦይ ማስጠረግ፣ መደቡ ላይ የበቀለውን ግራር ማስቆረጥ፣ የሚያፈሰውን የወርክሾፕ ጣሪያ መድፈን፣ ቶርኖዎቹን መቀባት፣ አንድ ጥበቃ መቅጠር። ጋሼ ከፊት ሆነው "ጥበቃውን ሁለት አርገው፣ አንዱ ይተኛል" አሉኝ፣ ተስማምቻለሁ፣ ሁለት ይሁን።